ሄንሪ ፎርድና የሞዴል ቲ ባለቤቶች፦ በሠሪና በተጠቃሚ ግንኙነት ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

የፎርድ መኪና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከፋብሪካው አንጻር ነው። ስለ መገጣጠሚያው መስመር፣ ስለ ሠራተኛው ደመወዝና ስለ ምርቱ ብዛት ብዙ ተጽፏል። መኪናውን ገዝተው በጭቃና በአቧራ የነዱት ሰዎች ስለ ንብረታቸው የነበራቸው አስተያየትና ሠሪው ይህን አስተያየት የተቀበለበት ሁኔታ ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ ጽሑፍ የሄንሪ ፎርድን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይመለከታል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ ፎርድ የገበሬውን ችግር በራሱ ሕይወት ያውቅ ስለ ነበር ማንንም ሳይጠይቅ ለገበሬው የሚስማማ መኪና ለመሥራት ቻለ፤ የገዢው ኑሮና ፍላጎት በተለወጠ ጊዜ ግን ይኸው ያለ መጠየቅ ልማድ ኩባንያውን የገበያ መሪነቱን አሳጣው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የሙያ ጅማሬ

ሄንሪ ፎርድ ጁላይ 30 ቀን 1863 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ዛሬ ዲርቦርን በሚባለው ከተማ አካባቢ በሚገኝ እርሻ ተወለደ። አባቱ ዊሊያም ፎርድ ከአየርላንድ የፈለሰ ገበሬ ነበር። እናቱ ሜሪ ልጇ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ1876 ከወሊድ በኋላ ሞተች። በዚያው ዓመት ልጁ ከአባቱ ጋር በጋሪ ሲጓዝ፣ በእንፋሎት ኃይል ያለ ፈረስ በመንገድ ላይ የሚሄድ ሞተር አየ። ፎርድ በኋላ ዘመኑ ስለ ራሱ ሲናገር ለዚህ ገጠመኝ ትልቅ ስፍራ ይሰጥ ነበር።

የእርሻን ሥራ አልወደደውም። ሰውም ሆነ ፈረስ በእርሻ ላይ የሚያፈስሰው ጉልበት ከሚገኘው ፍሬ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ይታየው ነበር። በ1879 በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ዲትሮይት ሄዶ በማሽን መሥሪያ ቤቶች ተለማማጅ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አባቱ እርሻ ተመልሶ የጎረቤት ገበሬዎች የሚጠቀሙበትን ተንቀሳቃሽ የእንፋሎት ሞተር ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቀጥሎም በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ተቀጥሮ እየዞረ እነዚህን ሞተሮች ይጠግን ነበር። ይህ ጊዜ በሕይወት ታሪኮቹ ውስጥ በአጭሩ ቢታለፍም ለዚህ ጥናት ግን ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ወጣቱ ማሽን በገበሬ እጅ ሲገባ የቱ ክፍሉ ቀድሞ እንደሚሰበር፣ ገበሬው በመዶሻና በሽቦ ምን ያህል እንደሚጠግን፣ የትኛው ብልሽት ደግሞ ከዐቅሙ በላይ እንደሚሆንበት በዓይኑ ያየው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በ1888 ክላራ ብራያንትን አገባ። በ1891 በዲትሮይት ኤዲሰን የመብራት ኩባንያ ተቀጥሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ። በትርፍ ጊዜው በቤቱ ጓሮ የሠራትን በቤንዚን የምትሄድ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ጁን 4 ቀን 1896 ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንዳት ሲነሣ፣ የመሥሪያ ክፍሉ በር ስለ ጠበበው ግድግዳውን በመጥረቢያ አፍርሶ አወጣት።

ሦስት ኩባንያዎች

ፎርድ በ1899 የመሠረተው የመጀመሪያ ኩባንያ በ1901 ፈረሰ። በዚያው ዓመት በውድድር ሜዳ ስመ ጥሩውን አሌክሳንደር ዊንተንን በማሸነፉ ዝናው ታድሶ በስሙ ሁለተኛ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሆኖም ከባለገንዘቦቹ ጋር ባለመስማማቱ በ1902 ትቶት ወጣ። ይህ ኩባንያ ከእርሱ መውጣት በኋላ በሄንሪ ሊላንድ መሪነት ካዲላክ ተብሎ በቅንጡ መኪናዎቹ የታወቀው ነው። ጁን 16 ቀን 1903 ደግሞ የዛሬው ፎርድ ሞተር ኩባንያ በ28,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ ሊያልቅ ጥቂት መቶ ዶላር ሲቀረው፣ አንድ የቺካጎ የጥርስ ሐኪም የመጀመሪያዋን መኪና በ850 ዶላር ገዛ።

በኩባንያው ውስጥ የተነሣው ክርክር ለማን መኪና ይሠራ የሚል ነበር። ዋናው ባለአክሲዮን አሌክሳንደር ማልኮምሰን ትርፉ ለሀብታሞች በሚሸጡ ትላልቅ መኪናዎች ላይ እንደሚገኝ ያምን ነበር። ፎርድ ግን ቀላል፣ ጠንካራና ርካሽ የሆነች አንዲት መኪና ለሰፊው ሕዝብ መሥራት ይሻ ነበር። በ1906 የማልኮምሰንን ድርሻ በመግዛቱ ክርክሩ በእርሱ አሸናፊነት ተፈጸመ።

ሞዴል ቲና የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች

በኦክቶበር 1908 ለገበያ የቀረበችው ሞዴል ቲ የዚህ ሐሳብ ፍሬ ናት። ሃያ የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበራት። ቫናዲየም ከተባለ ማዕድን ጋር ከተቀላቀለ ብረት የተሠሩት ክፍሎቿ ክብደታቸው ቀላል፣ ጥንካሬያቸው ግን ከፍተኛ ነበር። ከመሬት ከፍ ብላ መሠራቷ የሠረገላ ጎማ በቦረቦረው የገጠር መንገድ ላይ ያለ ችግር እንድትሄድ አስችሏታል።

ገበሬዎች በብዛት ገዟት። ወደ ፎርድ ከሚጎርፉት ደብዳቤዎች መካከል በተለይ የገጠር ሴቶች የጻፏቸው ለብቻ ተነጥሎ ከመኖር መላቀቃቸውን የሚመሰክሩ ነበሩ፤ ከተማና ገበያ፣ ሐኪምና ቤተ ክርስቲያን ቀርበዋቸዋልና። ገበሬው በበኩሉ መኪናዋን ከመጓጓዣነት አልፎ ተገለገለባት። የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንሥቶ፣ በጎማው እግር ላይ ቺንጋ በማሰር እንጨት ሰነጠቀባት፤ ውኃ ሳበባት፤ እህል ፈጨባት። ስትበላሽም መለዋወጫዋ በየወኪሉ መደብር በርካሽ ይገኝ ስለ ነበር፣ ባለቤቱ ራሱ በጥቂት መሣሪያ ይጠግናት ነበር። በዌስቲንግሃውስ ሞተሮች ላይ የተገኘው ዕውቀት እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ።

በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ የተጀመረው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር አንዲት መኪና ለመገጣጠም ይፈጅ የነበረውን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አወረደው። አሰልቺነቱን መታገሥ ያልቻሉ ሠራተኞች በብዛት ሥራቸውን ይለቁ ስለ ነበር፣ ፎርድ በጃንዋሪ 1914 የቀን ደመወዝን ወደ አምስት ዶላር ከፍ አደረገ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከዘጠኝ ወደ ስምንት ዝቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ደግሞ በአሥራ ሁለት ወራት ውስጥ 300,000 መኪና ከተሸጠ ለእያንዳንዱ ገዢ ገንዘብ እንደሚመልስ አስታወቀ። ሽያጩ ከተባለው ቁጥር ስላለፈ ለእያንዳንዱ ገዢ 50 ዶላር ተመለሰለት። በሠሪውና በገዢው መካከል የነበረው መተማመን ከዚህ ጊዜ በላይ ጠንክሮ አያውቅም ለማለት ይቻላል።

የባለቤቶቹ አቤቱታ

መኪናዋን የወደዷት ሰዎች ጉድለቷንም አሳምረው ያውቁ ነበር። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት ለፊት በሚገኝ የብረት ማዞሪያ ሲሆን፣ ማዞሪያው ወደ ኋላ ሲመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። በክረምት ሞተሩን ለማሞቅ የፈላ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ ነበር። ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለ ነበር፣ ነዳጅ ያነሳት መኪና ቀጥ ያለ አቀበት ሲያጋጥማት ፊቷን አዙራ በኋላ ማርሽ ለመውጣት ትገደድ ነበር። የነዳጁን መጠን ለማወቅም መቀመጫውን አንሥቶ እንጨት መንከር ያስፈልግ ነበር። ቀለሟ ከ1914 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ያህል ጥቁር ብቻ ሆነ። ስለ መኪናዋ የሚነገሩ ቀልዶች ተሰብስበው በመጽሐፍ መልክ ይሸጡ ነበር፤ ከቀልዶቹ ብዙዎቹ የባለቤትን ፍቅርና ምሬት አንድ ላይ የያዙ ናቸው።

ይህ አስተያየት በቃል ብቻ የቀረ አልነበረም። ሌሎች ነጋዴዎች ለሞዴል ቲ ባለቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ተጨማሪ ዕቃዎችን ሠርተው ይሸጡ ነበር፦ ሞተር ማስነሻ፣ የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያ፣ ንዝረት መቀነሻ፣ ማሞቂያ። እያንዳንዱ ዕቃ ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ የሰጠው አስተያየት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የፎርድ የራሱ ቤት ምስክርነት ነው። ባለቤቱ ክላራ ትነዳው የነበረው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለ፣ በባትሪ የሚሠራና ማዞሪያ የማያስፈልገው የሌላ ኩባንያ መኪና ነበር። ካዲላክ በ1912 በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ይዞ ሲቀርብ፣ ሞዴል ቲ ይህን መሣሪያ ያገኘችው በ1919 ነው፤ ያውም ለአብዛኞቹ ዓይነቶች በተጨማሪ ክፍያ።

የፎርድ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ እርሱም ዋጋውን መቀነስ ነው። በ1908 በ850 ዶላር መሸጥ የጀመረችው መኪና፣ ባለ ሁለት መቀመጫዋ ዓይነት በ1925 ወደ 260 ዶላር ወረደች። ለድኻው ገበሬ ይህ ከማናቸውም ማሻሻያ የበለጠ መልስ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ከ1921 በኋላ በነበሩት ዓመታት በአገሪቱ ከሚሸጡት መኪናዎች ግማሽ ያህሉ ፎርድ ነበሩ።

የገበያው መለወጥ

በ1920ዎቹ አጋማሽ ገዢው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። መንገዶች ተሻሽለዋል። ብዙ ቤተሰብ ሊገዛ የሚመጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን ለሁለተኛ ጊዜ ነበር። ርካሽ ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ያገለገለች የተሻለች መኪና በአዲስ ሞዴል ቲ ዋጋ ማግኘት ይችላል። በአልፍሬድ ስሎን የሚመራው ጀነራል ሞተርስ ይህን ለውጥ ተረድቶ በየዓመቱ መልኩን የሚያሻሽል መኪና፣ የተለያየ ቀለምና የዱቤ ሽያጭ አቀረበ። የኩባንያውን ሼቭሮሌት የሚመራው ዊሊያም ክኑድሰን ቀድሞ በፎርድ ፋብሪካ የሠራ ባለሙያ ነበር።

ወኪሎች ገዢው እየሸሸ መሆኑን ለዲርቦርን አሳወቁ። ከ1919 ጀምሮ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው አንድ ልጁ ኤድሰል አዲስ መኪና እንዲሠራ አባቱን ወተወተ። የኤድሰል የቅርብ ረዳት የነበረው ኧርነስት ካንዝለር በጃንዋሪ 1926 ይህንኑ በጨዋ ቃል የሚያስረዳ ስድስት ገጽ ማስታወሻ ለፎርድ ጻፈ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ከሥራው ተሰናበተ። ፎርድ የገዢውን አቤቱታ የቅንጦት ምኞት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የራሱን ልጅነት የመሰለ ኑሮ በአገሩ እየቀነሰ መሄዱን፣ ለዚህም ለውጥ ዋናው ምክንያት የራሱ መኪና መሆኗን አላስተዋለም።

በዚህ ዘመን ሌላም ቅሬታ ተነሣበት። በእርሱ ባለቤትነት የሚታተመው ዲርቦርን ኢንዲፔንደንት የተባለ ጋዜጣ ከ1920 ጀምሮ በአይሁድ ላይ የጥላቻ ጽሑፎችን ያወጣ ነበር። ብዙ አይሁዳውያን መኪናውን ከመግዛት ታቀቡ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ፎርድ በ1927 ይቅርታ ጠይቆ ጋዜጣውን ዘጋ። ጽሑፎቹ ግን በሌሎች ቋንቋዎች ተተርጉመው በጀርመን ሳይቀር መነበባቸውን ስለ ቀጠሉ፣ ይህ በደል ከስሙ ጋር ተያይዞ ቀርቷል።

በሜይ 1927 ዐሥራ አምስት ሚሊዮንኛዋ ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ወጣች፤ ምርቱም ቆመ። ለምትክ የሚሆን መኪና አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ ፋብሪካዎቹ ለወራት ተዘጉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ያለ ሥራ ቀሩ። የሠሪው ግትርነት ዋጋ በመጀመሪያ የተከፈለው በእነርሱ ነው። በዚያ ዓመት ሼቭሮሌት የሽያጩን አንደኛነት ያዘ። በዲሴምበር የቀረበችው ሞዴል ኤ በአራቱም ጎማ ላይ ፍሬን፣ የማይበታተን የፊት መስተዋትና የተለያየ ቀለም ስለ ነበራት ሕዝቡ በደስታ ተቀበላት። ባለቤቶቹ ለዓመታት የጠየቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሰላቸው ማለት ይቻላል፤ ኩባንያው ግን የቀድሞውን የበላይነት እንደ ነበረ አልመለሰም።

የመጨረሻ ዓመታት

ይህ ጠባይ በኋላም አልተለወጠም። ተፎካካሪዎቹ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ ፍሬን ሲጠቀሙ፣ ፎርድ እስከ 1939 ድረስ በብረት ዘንግና በሽቦ የሚሳበውን አልለወጠም። የሠራተኞችን ማኅበር እስከ 1941 አልቀበልም ብሎ ከቆየ በኋላ በሥራ ማቆም አድማ ተገድዶ ተቀበለ። ኤድሰል በ1943 ሞተ፤ አዛውንቱም ፕሬዚዳንትነቱን መልሶ ያዘ፤ በ1945 ለልጅ ልጁ ለዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ አስረከበ። ኤፕሪል 7 ቀን 1947 በሰማንያ ሦስት ዓመቱ በዲርቦርን ቤቱ ዐረፈ። በዚያ ሌሊት የሩዥ ወንዝ ሞልቶ የቤቱን ኤሌክትሪክ ስላቋረጠው፣ የሞተው ሲወለድ እንደ ነበረው በሻማና በኩራዝ ብርሃን ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ፎርድ ተጠቃሚውን ንቋል የሚል ብቻ አይደለም። እንዲያውም በዘመኑ ከነበሩት ሠሪዎች ሁሉ ይልቅ ተራውን ሰው ያሰበ እርሱ ነበር። ስሕተቱ አንድ ጊዜ በሚገባ ያወቀውን ሰው ለዘለዓለም እንደሚያውቀው ማመኑ ነው። የ1908 ገበሬ ምን እንደሚያስፈልገው ከራሱ ትዝታ ሊያውቅ ቻለ፤ የ1926 ገዢ የሚሻውን ግን ከገዢው አንደበት በቀር ከሌላ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ስለዚህ የኢንዱስትሪ ታሪክን የሚያጠና ሰው የፋብሪካውን መዝገብ ሲመረምር የባለቤቶቹን ደብዳቤ፣ ቀልድና የገዟቸውን ተጨማሪ ዕቃዎች እንደ ማስረጃ ቢቆጥራቸው ይጠቀማል። በፎርድ ላይ የደረሰው ሁሉ ከመድረሱ አስቀድሞ በእነዚህ ውስጥ ተነግሮ ነበርና።