ሆፌልድ፦ መብትን ከፕሪቪሌጅ የለየው መምህር

በእኛ ክፍል ውይይት ሲነሳ መብት የምትለዋ ቃል የማትገባበት ቦታ የለም። መጠየቅ መብቴ ነው፣ መሸጥ መብቴ ነው፣ ማለፍ መብቴ ነው እንላለን። ይህ ሁሉ ግን በሕግ ዓይን አንድ ነው ወይ? በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ብዙ ስለደከመ አንድ መምህር ጥቂት ላጫውታችሁ።

ዌስሊ ኒውኮም ሆፌልድ እ.ኤ.አ. በ1879 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ተወለደ። በ1901 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ የሕግ ትምህርቱን በ1904 ሃርቫርድ ጨረሰና ስታንፎርድ ማስተማር ጀመረ። ስሙን ያስጠራው በ1913 በዬል የሕግ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው። በዓመቱ ዬል ራሱ መምህር አድርጎ ወሰደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሆፌልድ አነጋገር እኔ መብት አለኝ ከተባለ፣ ከወዲያ በኩል ግዴታ ያለበት ሰው የግድ መኖር አለበት። ፕሪቪሌጅ ግን ድርጊቱን ላለመፈጸም ግዴታ የለብኝም ማለት ብቻ ነው። ጎረቤቴ በግቢዬ እለፍ ቢለኝ፣ በማለፌ ሊከሰኝ አይችልም። ነገ በሩን ቢዘጋው ግን፣ ሌላ ውል ወይም ሕግ ከሌለ፣ እኔም ልከሰው አልችልም። (እዚህ ላይ አማርኛችን ያሳስታል። ፕሪቪሌጅን ልዩ መብት ስንለው ከመብት የሚበልጥ ይመስላል፤ በሆፌልድ ሚዛን ግን የሚያንሰው እሱ ነው።)

ይሄ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል ካለ፣ በ1901 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የወሰነውን የኩዊንና የሊተምን ክርክር ይመልከት። ሊተም አየርላንድ ውስጥ ሥጋ ነጋዴ ነበር። የማኅበር አባል ያልሆኑ ሠራተኞች በመቅጠሩ የማኅበሩ ሰዎች ደንበኛውን አስፈራርተው አስቀሩበት፤ እሱም ከሶ ረታ። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ሊንድሊ፣ ሰው ከፈለገው ጋር የመገበያየት ነጻነት አለው ብሎ ይጀምርና፣ ስለዚህ ሌላው ያንን ያለማደናቀፍ ግዴታ አለበት ወደሚል ይሻገራል። ሆፌልድ የያዘው እዚህ ጋ ነው። ነጻነቱ ስላለ ብቻ ግዴታው አይመጣም። ግዴታው ይኑር ከተባለም፣ ዳኛው ፍትሕንና ፖሊሲን መዝኖ በግልጽ ይወስን እንጂ ከቃሉ ውስጥ እንደወጣ አድርጎ አያቅርብ ነው ነገሩ። በእኔ ግምት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። አድማ የመታ ሠራተኛ ካሣ ይክፈል አይክፈል የሚለው በዚያች ቃል ውስጥ ተደብቆ ይወሰን ነበርና!

ሁለተኛውን ጽሑፍ በ1917 አወጣ። በዓመቱ፣ ገና በ39 ዓመቱ፣ ሞተ። ሥራዎቹን ባልደረባው ዋልተር ዊለር ኩክ ሰብስቦ በ1919 በመጽሐፍ አሳተመለት። በ1936 የአሜሪካ የሕግ ኢንስቲትዩት ስለ ንብረት ሕግ ያዘጋጀው ሥራ ሲወጣም፣ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የሰፈሩት የመብትና የፕሪቪሌጅ ትርጓሜዎች የሆፌልድን መንገድ የተከተሉ ነበሩ።