ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ አንድ የጎንደር ተወላጅ ሕፃን ከዘመዶቹ ተለይቶ ተገኘ። አንድ መኰንንም ወደ ህንድ አገር ይዞት ሄደ። ይህ ሕፃን ኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ታላቅ ሰው ናቸው።

በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር የሕክምና ትምህርት ፈጽመው፣ በስኮትላንድ ዕውቀታቸውን አሳድገው፣ በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ።

ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አማርኛውን ረስተውት ነበር፤ አያታቸው ግን በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው። ከዚያም ዳግማዊ ምኒልክን አከሙ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኀላፊ ሆኑ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ፤ ግድቡ ግን ሳይሠራ ቀረ። ጨርጨርንም በገዥነት ሲያስተዳድሩ መንገድ አስጠረጉ፤ ትምህርት አስፋፉ።

በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው፣ ጠላት አገራችንን ሲወር ስለ እርሷ ተሟገቱ። በ1929 ዓ.ም. ግን መሐንዲሶች የነበሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። እርሳቸውም በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሐኪም ወርቅነህ በሰው አገር በደመወዛቸው ተደስተው መኖር ሲችሉ፣ ዕውቀታቸውን ይዘው ቋንቋዋን ወደ ረሱት አገር መጡ፤ ውለታውንም በልጆቻቸው ደም ጭምር ከፈሉ። መቅደላ ከላስታ ተራሮች ሩቅ አይደለችም። እኛም ነገ ለትምህርት ርቀን ብንሄድ የመመለሻውን መንገድ አንርሳ።