አብረሃን ምን አጠፋው?

ስማቸው ሳይጠራ ሥራቸው ብቻ በቁርኣን ለመቀጣጫነት ከቀረ ሰዎች አንዱ የየመኑ ገዥ አብረሃ ነው። ሱረቱል ፊል በአምስት አጫጭር አንቀጾች የምትነግረን የእርሱንና የሠራዊቱን ፍጻሜ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በሶላታችን ስለምንቀራት ታሪኩን ጨርሰን የምናውቀው ይመስለናል። እኔ ግን የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው ስመለከተው፣ ትምህርቱ ከወፎቹና ከጠጠሮቹ አስቀድሞ የሚጀምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አብረሃ ከታች የተነሳ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን የኖረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደዘገበው፣ በአዱሊስ ወደብ በባሕር ንግድ የሚተዳደር የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ፣ የናጅራንን ክርስቲያኖች የፈጀውን ዙ ኑዋስን ለመውጋት በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ የመን ዘመተና ድል አደረገ። በዚያው የቀሩት ወታደሮች ግን ካሌብ የሾመውን ገዥ አውርደው አብረሃን አነገሡ። ካሌብ ሊቀጣው ሁለት ጊዜ ጦር ላከ፤ የመጀመሪያው ከአብረሃ ጋር አበረ፣ ሁለተኛው ተሸነፈ። አብረሃም ከካሌብ ሞት በኋላ ለተተኪው ግብር ለመክፈል ተስማምቶ ዙፋኑን አጸና።

ሥራ የማያውቅ ገዥም አልነበረም። በ548 እ.ኤ.አ. ገደማ የመአሪብ ግድብ ሲሰበር ሕዝቡን አሰባስቦ አሳደሰው። ይህንኑ ያስቀረጸበት የድንጋይ ጽሑፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከአክሱም፣ ከቢዛንታይንና ከፋርስ መልእክተኞች እንደመጡለትም በዚያው ጽሑፍ ሰፍሯል። ትናንት ባሪያ የነበረ ሰው ዛሬ ነገሥታት መልእክተኛ የሚልኩለት ሆነ! በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ትውልድ በግድቡ ባስታወሰው ነበር።

ግን አላበቃም። ኢብን ኢስሓቅና ሌሎች የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በሰንዓ አል-ቁለይስ የተባለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ማሠራቱ አልነበረም ጥፋቱ። ጥፋቱ ዐረቦች ወደ ካዕባ የሚያደርጉትን ጉዞ ትተው ወደ እርሱ ሕንፃ እንዲመጡ መፈለጉ ነበር። ከኪናና ጎሳ አንድ ሰው በዚህ ተቆጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን አረከሰ። ይህም ነውር ነበር። አብረሃ ግን ያጠፋውን ሰው በመፈለግ ፈንታ ካዕባን ሊያፈርስ ማለ። በአንድ ሰው በደል ብዙኃንን መቅጣት የትዕቢተኛ ገዥ ዋነኛ ምልክት ነው።

ዝሆን አስቀድሞ ተነሳ። በመንገድ የተቃወሙትን አሸነፈ፣ ማረከም። መካ አጠገብ ሲደርስ ሰዎቹ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አያት የዐብዱል ሙጦሊብን 200 ግመሎች ዘረፉ። ዐብዱል ሙጦሊብ ቀርበው የጠየቁት ግመሎቻቸውን ብቻ ነበር። አብረሃ ስለ ቤቱ ዝም ማለታቸውን ታዝቦ ናቃቸው። እርሳቸውም የግመሎቹ ጌታ እርሳቸው እንደሆኑ፣ ቤቱም የሚጠብቀው ጌታ እንዳለው ነግረውት ሄዱ።

በነጋታው ዝሆኑ ወደ መካ ሲያዞሩት ተንበረከከ፤ ወደ የመን ሲያዞሩት ሮጠ። ከዚያም አላህ (ሱ.ወ.) ወፎችን በመንጋ ላከ። የጣሉት ጠጠር ምስርና ሽምብራ ያህል እንደነበር ይተረካል። አብረሃ ሰውነቱ እየረገፈ ሰንዓ ደርሶ ሞተ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የዝሆኑን ነጂና መሪ ዐይናቸው ጠፍቶ በመካ ሲለምኑ ማየታቸው ተዘግቧል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱት በዚሁ በዝሆኑ ዓመት መሆኑን ብዙኃኑ ዓሊሞች ይናገራሉ፤ በተለምዶ 570 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው የሚባለው።

ታሪኩን የሐበሻ ነውር አድርገው የሚያወሩ፣ ወይም የክርስቲያንና የሙስሊም ጠብ አስመስለው የሚያቀርቡ አጋጥመውኛል። ሁለቱም ስተዋል። ያን ጊዜ ካዕባ በጣዖታት የተሞላ፣ ቁረይሾችም ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። የዳኑት በጽድቃቸው አልነበረም፤ አላህ የጠበቀው ቤቱን ነው። ተከትላ የምትመጣው ሱረቱ ቁረይሽ የዚህን ቤት ጌታ ተገዙ ብላ የምታሳስባቸውም ይህ ጸጋ ዕዳ ስለሆነባቸው ነው።

ስለ ሐበሻም ቢሆን፣ ቁርኣኑ የዝሆኑን ባለቤቶች እንጂ አንድ ሕዝብን አልወነጀለም። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከመካ ግፍ የሸሹትን ሶሓባዎች ተቀብለው ያስጠለሉት የዚያው የአብረሃ አገር ንጉሥ ነጃሺ ናቸው። ሲሞቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሩቅ ሆነው ሰገዱባቸው። ሁለቱም ሐበሾች፣ ሁለቱም ባለ ሥልጣኖች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ክብር ሊያፈርስ ወጣ፤ ሌላው የተገፋውን ክብር ጠበቀ። የለያቸው ዘር ሳይሆን ሥራ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሱረቱል ፊልን ስንቀራ በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አይሁን። ሁላችንም በእጃችን ያለች ትንሽ ሥልጣን አለችን፤ በቤታችን፣ በመሥሪያ ቤታችን፣ በሱቃችን። የእኛ እንዲደምቅ የሌላው ይፍረስ ያልን ዕለት በአብረሃ መንገድ ላይ ነን። የሠራነው ግድብም አያድነንም። አላህ ከትዕቢት ይጠብቀን። አሚን።