ጭስን ሥራ ያስያዘው ሰው፡ የተርቦው አባት አልፍሬድ ቡኺ

ከሸዋሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማበር የሚወጣ ጭነት የሞላ አይሱዙ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዳገቱ ሲበረታ ከሞተሩ ጩኸት ሥር አንዲት ቀጭን ፉጨት ትሰማለች። ፉጨቷ የተርቦው ናት። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ መኪናው ቀስ እያለ ዋሻውን አልፎ ደብረ ብርሃን ይገባል።

ያቺ ፉጨት የአንድ ሰው ዕድሜ ናት ብንል አላጋነንም። ሰውዬው ሐሳቡን ካስመዘገበበት ቀን አንስቶ በደንብ ሠርቶ እስኪያይ ድረስ 20 ዓመት ፈጅቶበታል።

ቤተሰቦች፣ ዛሬ የእሱን ታሪክ ይዘን የመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ከከተማችን ወጣቶች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፦ ቪትዝ ላይ በትንሽ ብር ተርቦ መግጠም ይቻላል ወይ? መልሱ በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ አለ። እስከ መጨረሻው አንብቡት። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንኮበር እና ቪንተርቱር፣ 1879

በ1879 መጀመሪያ አንድ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። አልፍሬድ ኢልግ ይባላል። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ ነው። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ አስጠሩት፣ እሱም በአገሩ እንደለመደው ፋብሪካና መለዋወጫ በሌለበት፣ በእጅ ባለው ዕቃ መሥራት ጀመረ። አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ኋላም አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ አስገባ፣ የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ አስወጣ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በዚያው በኢልግ አገር፣ ቪንተርቱር በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ ሌላ አልፍሬድ ተወለደ። አልፍሬድ ቡኺ። እሱም ካደገ በኋላ የገባው ኢልግ የተማረበት የዙሪክ ትምህርት ቤት ነው።

ሁለቱ ተገናኝተዋል አንልም። ግን አንዱ አንኮበር ዳገት ላይ የጀመረውን ሥራ፣ ሌላው ሳያስበው ለአንኮበር ዳገት የሚሆን ነገር ሠርቶ ቀጠለው።

የጭሱ ነገር ያንገበገበው ልጅ

የቡኺ አባት ሱልዘር በሚባለው ትልቅ የማሽን ፋብሪካ በከፍተኛ ኃላፊነት ይሠሩ ነበር። ልጁ ሞተር እያየ፣ ሞተር እየሰማ ነው ያደገው። በ1899 ዙሪክ ገባ፣ በ1903 በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ከዚያ ቤልጅየም ውስጥ ጌንት ከተማ በሚገኝ የሞተር ፋብሪካ ሥራ ያዘ።

እዚያ እያለ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ሲሶ ያህሉ በማርሚታ በኩል ከጭስ ጋር ይወጣል። ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። ገንዘብ እያቃጠሉ ወደ ሰማይ መልቀቅ ማለት ነው።

የቡኺ ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ወጪው ጭስ ተርባይን ያሽከርክር። ተርባይኑ ደግሞ የአየር መጭመቂያ ያሽከርክር። መጭመቂያው ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይግፋ። አየር ከበዛ ተጨማሪ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፣ ስለዚህ ያው ትንሽ ሞተር እንደ ትልቅ ሞተር ይሠራል።

በኅዳር 1905 ይህን ሐሳብ ጀርመን አገር በፓተንት አስመዘገበ። ዕድሜው 26 ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ መኪና የገባላቸው ከዚህ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ ተወልደው አንኮበር የነገሡት ንጉሥ መኪና ሳያዩ፣ የተርቦ ወረቀት ጀርመን መዝገብ ቤት ገብቶ ነበር ማለት ነው።

20 ዓመት ሙሉ አልሠራም

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጠቅመን።

ቡኺ በ1909 ወደ አገሩ ተመልሶ ሱልዘር ገባና የናፍጣ ሞተር ምርምሩን ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሞከሪያ ተሠራለት። በ1915 የመጀመሪያውን ናሙና አወጣ። አልሆነም። ለሥራ የማያስተማምን ሆነና ወደ ምርት ሳይገባ ቀረ።

ችግሩ ሐሳቡ አልነበረም። ከሞተር የሚወጣው ጭስ ብረት ያግላል፣ የዚያን ዘመን ብረት ደግሞ ያን ሙቀት ይዞ በዚያ ፍጥነት መዞር ይከብደው ነበር። ተርባይኑም መጭመቂያውም ገና ጉልበት አባካኝ ነበሩ። ጥሩ ሐሳብ ነበረው፣ የሚሸከመው ዕቃ ግን አልነበረም።

በመሐል ሌሎች ቀደሙት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ አውሮፕላኖች ከፍ ሲሉ አየር እየሳሳባቸው ጉልበት ያጡ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ኦጉስት ራቶ፣ አሜሪካ ውስጥ ሳንፎርድ ሞስ ተርቦን ለዚህ ሞከሩት። ሞስ በ1918 አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የሚባል፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ላይ ወጣ። ያለ ተርቦ ሞተሩ ደከመ። በተርቦ ግን ባሕር ዳር ላይ ከሚሰጠው ያላነሰ ጉልበት ሰጠ።

ቡኺ ግን ናፍጣውን አልለቀቀም። በ1925 ጭሱን ከየሲሊንደሩ በተለያየ ቧንቧ ለይቶ ወደ ተርባይኑ የሚያመጣበትን፣ በቫልቮቹም መሐል ንጹሕ አየር አሳልፎ ሲሊንደሩን የሚያቀዘቅዝበትን መንገድ አገኘ። የሞተሩ ጉልበት ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። በዚያው ሰሞን ፕሮይሰን እና ሃንዘሽታት ዳንዚግ በሚባሉ ሁለት የጀርመን መንገደኛ መርከቦች ላይ ባለ 10 ሲሊንደር ሞተሮች ተገጠሙ። ጉልበታቸው ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ሞተሩ ያው ነው። የተጨመረው አየር ብቻ ነው።

በ1926 ሱልዘርን ለቆ ብራውን ቦቨሪ ከሚባለው ድርጅትና ከቪንተርቱሩ የባቡር ፋብሪካ ጋር ማኅበር መሠረተ። ከዚያ ወዲያ ተርቦ በመርከብ፣ በባቡር፣ በመብራት ማመንጫ ተሠራጨ። በ1938 ሳውረር የተባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ የጭነት መኪና ላይ አዋለው። የጣርማበሩ አይሱዙ የልጅ ልጅ ነው።

ቡኺ በጥቅምት 1959 በተወለደበት ከተማ አረፈ። 80 ዓመቱ ነበር። ተርቦ ያለባቸው የቤት መኪናዎች ለገበያ የቀረቡት በ1962፣ እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አላያቸውም።

ባያይም፣ መጀመሪያ የሆኑትን እንያቸው

ከሁለቱ የመጀመሪያ መኪናዎች አንዱ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነበር። ቤንዚን ሞተር ነው፣ የመጭመቅ መጠኑ ከ10 ለ1 በላይ ነው። ቁጥሯን ያዟት፣ የቪትዝ ሞተርም እዚያው አካባቢ ነው።

ናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር ብቻ ስለሆነ ጭመቃን ይወዳል። ቤንዚን ሞተር ግን የሚጨምቀው አየርና ቤንዚን አንድ ላይ ነው። ከመጠን በላይ ከተጨመቀና ከሞቀ ካንዴላው ሳይደርስ ራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። ጄትፋየርን የሠሩት ይህን ስለሚያውቁ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ እየረጨ የሚያቀዘቅዝ ዘዴ ገጠሙበት። ባለመኪናዎቹ ፈሳሹን መሙላት ሰለቻቸው። ብዙዎቹ ተርቦውን አስፈቱት። መኪናው በሁለተኛ ዓመቱ ከምርት ወጣ።

ትልቅ ፋብሪካ በገንዘቡና በመሐንዲሶቹ የገጠመው ችግር ይሄ ነው። እኛ ደግሞ በቶርኖ ቤትና በብየዳ ልንሠራው ነው።

እንግዲህ ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው መኪና እዚህ ሲነዳ ሩብ ያህል ጉልበቱ የለም። ቪትዛችሁ ዳገት ላይ የሚሰንፈው አርጅቶ ብቻ አይደለም፣ አየር አጥሮት ነው። አንኮበር መንገድ ላይ የነዳ ያውቀዋል።

መልካሙ ዜና ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 0.3 ባር የሚገፋ ትንሽ ተርቦ፣ ሞተሩን ከተሠራለት ልክ አያሳልፈውም ማለት ይቻላል። ተራራው የወሰደበትን ነው የሚመልስለት። የሞስ ፓይክስ ፒክ ሙከራ በቪትዝ መጠን ማለት ነው።

መጥፎው ዜና ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት አለው። ተራው የግፊት መቆጣጠሪያ ስፕሪንግ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 0.3 ብላችሁ ያስተካከላችሁት፣ ሸዋሮቢት ስትወርዱም 0.3 ይጨምራል። ግን ሸዋሮቢት ላይ የውጭው አየር ራሱ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ሞተሩ የሚያገኘው ድምር ከልኩ ያልፋል። ደጋ ላይ ፀጥ ብሎ የሠራ መኪና ቆላ ላይ ማንኳኳት ይጀምራል። ዳገት ላይ ሞክራችሁ ሰላም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ስለዚህ ብር ካላችሁ፣ ብሩ በዚህ ቅደም ተከተል ይውጣ፦

1. መጀመሪያ ሞተሩን አስለኩ። የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ደካማ ከሆነ ወይ ዘይት የሚበላ ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙ። ተርቦ የታመመ ሞተር አያድንም፣ ቶሎ ይገድለዋል።

2. ቀጥሎ ነዳጁ። የመኪናው ኮምፒውተር ተርቦ መገጠሙን አያውቅም። አየር ሲበዛ ቤንዚን ካልበዛ ፒስተን ይቀልጣል። ኢንጀክተር፣ የቤንዚን ፓምፕ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ባለሙያ፣ የአየርና ነዳጅ ድብልቅን የሚያሳይ ጌጅ። አብዛኛው ሰው ብር የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው፣ አብዛኛው ሞተር የሚሞተውም እዚሁ ላይ ነው።

3. ከዚያ ዘይቱ። ተርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፣ ዘንጉን የሚይዘው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። የሚገባው ዘይት ንጹሕ ይሁን። የሚመለሰው ደግሞ በሰፊ ቧንቧ፣ ቁልቁል፣ በራሱ ክብደት ይውረድ። ቧንቧው ከጠበበ ወይ ሽቅብ ከታጠፈ ተርቦው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል።

4. የተጨመቀ አየር ይሞቃልና ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ አይቅር።

5. ተርቦው ራሱ መጨረሻ ነው። ከትንንሽ ባለተርቦ የጃፓን ሞተሮች የወጣ አሮጌ ዕቃ ሶማሌ ተራ ላይ ስትፈልጉ ዘንጉን በጣት ያዙት። ወደ ጎን ጥቂት ሊነቃነቅ ይችላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወይ ክንፉ ግድግዳውን ከነካ ተዉት። ርካሽ አይደለም፣ ውድ ነው።

የሞተር ለውጥ ቦሎ ላይ ጣጣ እንዳያመጣ፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ፍሬኑንም አትርሱት። ጣርማበርን በፍጥነት የወጣ መኪና፣ ጣርማበርን መውረዱም አይቀርም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የመኪናውን ዋጋ ከነካ፣ እውነቱን እንንገራችሁ፣ ከፋብሪካ ተርቦ ይዞ የመጣ መኪና መፈለግ ይሻላል። ይህን ማለት ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

ከቡኺ የተረፈን

ቡኺ ሐሳቡ ልክ እንደሆነ በ26 ዓመቱ ያውቅ ነበር። ቢሆንም የመጀመሪያው ናሙና አላስተማምን ሲል ገበያ ላይ አልጣለውም። አሥር ዓመት ጨምሮ ብረቱ፣ ቧንቧው፣ ቫልቩ ሐሳቡን እስኪሸከሙት ጠበቀ። ኢልግም አንኮበር ላይ ዕቃ ባይኖረውም ልኩን ሳይለካ አልሠራም፣ ድልድይ በግምት አይቆምም።

ከኛ ልጆች ሐሳብ አልጎደለም። ጋራዥ ውስጥ የምናያቸው እጆች ብዙ ይችላሉ። የምንሰጋው ለችኮላው ነው። በአንድ ሳምንት የተገጠመ ተርቦ በአንድ ወር የአባትን መኪና ያቆማል፣ ያ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ እንጀራ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ደብረ ሲና ላይ ሻይ ስትጠጡ ያቺን ፉጨት አዳምጧት። ሃያ ዓመት የታገሠ ሰው ድምፅ ናት።

ቪትዝ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ብር ከማውጣቱ በፊት ይህን ላኩለት። መልካም መንገድ!