ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የታመነ ብዕር



በአራት ኪሎ የሚመላለስ ወጣት ሁሉ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ያውቀዋል። ይህ ማተሚያ ቤት ከተቋቋመበት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት መጽሐፍ፣ ስንት ጋዜጣ ከእጁ እንደ ወጣ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ከታተመው ሁሉ ግን ጥቂቱ ብቻ በሰው ልብ ቀርቷል። ቀለሙ አንድ ነው፤ ወረቀቱም አንድ ነው። ታዲያ አንዱን ጽሑፍ ስናነብ አምነን የምንቀበለው፣ ሌላውን ደግሞ ገና ሳንጨርሰው የምንጥለው ስለ ምንድር ነው? እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን የአንድ ታላቅ ጸሐፊን ሕይወት ለመመልከት አስበናል። እኚህ ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት ስለ ማሳመን ጥቂት እንበል። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ተናጋሪ ሰሚውን የሚያሳምንባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍሎ አስተምሯል። አንደኛው የተናጋሪው ጠባይና ታማኝነት ነው፤ ሁለተኛው የሰሚውን ስሜት መቀስቀስ ነው፤ ሦስተኛው የነገሩ ማስረጃ ነው። ከነዚህም መካከል የተናጋሪው ታማኝነት እጅግ ብርቱ ኃይል እንዳለው ተመልክቷል። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ አቴና በደረሰ ጊዜ ትምህርቱን የጀመረው የከተማውን ሰዎች በመስደብ ሳይሆን፣ እነርሱው ራሳቸው ለማይታወቅ አምላክ ያቆሙትን መሠዊያ በማንሣት ነበር። ሰሚው ከሚያውቀውና ከሚያከብረው ነገር ተነሥቶ ወደማያውቀው ነገር መራው። ጸሐፊና አንባቢ የሚገናኙበት ድልድይ ይህ ነው፤ አንዱ ምሰሶ የጸሐፊው መታመን ሲሆን፣ ሌላው ምሰሶ ሁለቱ በአንድነት የሚያምኑት ነገር ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በሸዋ፣ በመርሐቤቴ ተወለዱ። ኅሩይ ማለት በግዕዝ የተመረጠ ማለት ነው። ትምህርታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበረ። በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው በዚያው አገልግለዋል። በኋላም በዐፄ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥት የጽሕፈት ሥራ ገብተው ብዕራቸውንና ትጋታቸውን አስመሰከሩ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ ከኢትዮጵያ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ለንደን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ አብረው ተጓዙ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ በ1920ዎቹም የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። እንግዲህ እኚህ ሰው ከዋሸራና ከጎንደር ከመጡ ሊቃውንት ጋር በግዕዝ የሚነጋገሩ፣ ከአውሮፓ ዲፕሎማቶችም ጋር የሚቀመጡ ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለምን እንደ ጠቀማቸው ለመረዳት የዘመኑን ጠባይ ማስታወስ ይገባል። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ሃይማኖት ያስለውጣል፣ ልጅን ከአባቱ ያጣላል እየተባለ ይፈራ ነበር። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን እዚሁ በአራት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት ዐፄ ምኒልክ መምህራኑን ያስመጡት ከፈረንሳይ ወይም ከእንግሊዝ አገር ሳይሆን ከግብፅ ነበር። መምህራኑ የኮፕት ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በሃይማኖት አንድ ነበሩ። ያስተማሩት ግን የውጭ አገር ቋንቋና ዘመናዊ ትምህርት ነበር። ትምህርቱ አዲስ ቢሆንም መምህሩ የታመነ ስለ ሆነ በሩ ተከፈተ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በብዕር የሠሩት ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያ ታላቅ ሥራቸው የሆነውን ስንመለከት በጣም እንገረማለን። በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ስም ዝርዝር ነበር። ሰውየው የራሳቸውን አሳብ ለሕዝብ ከማቅረባቸው በፊት አባቶች ያቆዩትን ቈጠሩ። ነባሩን ቤት የሚያውቅ ሰው ስለ እድሳቱ ቢናገር ይሰማል፤ የቤቱን ምሰሶ እንኳ የማያውቅ ግን ቤቱ ይታደስ ቢል ሊያፈርስ መጣ ይባላል።

ከዚያም በኋላ መጻሕፍታቸው ተከታትለው ወጡ። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለው ታተመ። በ1915 ዓ.ም. የታወቁ ሰዎችን ታሪክ የሰበሰቡበት «የሕይወት ታሪክ» ወጣ፤ በርእሱም ላይ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን መጻፉን ገለጡ። እኛም ከነዚያ ልጆች መካከል ነን። በዚያው ዓመት የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጸው «ወዳጄ ልቤ» ታተመ። ይህ መጽሐፍ እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን በ17ኛው መቶ ዘመን ስለ ክርስቲያን ጉዞ የጻፈውን ምሳሌ ያስታውሳል። የአጻጻፉ መንገድ ከውጭ ቢመጣም፣ ነገርን በምሳሌ መናገር ግን ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ አይደለም። አንባቢው ከልጅነቱ ጀምሮ ምሳሌና ትርጓሜ ሲሰማ ያደገ ነውና መጽሐፉን እንደ ዘመድ ተቀበለው።

ስለ ጋብቻ የጻፉት «የልብ አሳብ» በ1923 ዓ.ም. ወጣ። በዚህም መጽሐፍ ልጅን ያለ ዕድሜዋ የመዳርን ልማድ ነቀፉ። የማሳመን ጥበባቸው ጐልቶ የሚታየው ግን በ1925 ዓ.ም. በታተመው በ«አዲስ ዓለም» ነው። የታሪኩ ባለቤት ዐወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ነው። ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። በተመለሰም ጊዜ በሠርግና በተዝካር ድግስ፣ በሌላውም ልማድ ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል።

እስቲ እናስብ። በዚያ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው ተነሥቶ የተዝካር ድግሳችሁ ቤታችሁን ያራቁታል ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ሃይማኖታችንን ነቀፈ ተብሎ መጽሐፉ ይጣል ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ግን በቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ ጾሙንና ጸሎቱን የሚያውቁ ናቸው። ክርክራቸውም ከሃይማኖቱ ጋር ሳይሆን በሃይማኖት ስም ከገባው ከልክ ያለፈ ወጪ ጋር ነበር። አንባቢውም እርሳቸውም በአንድነት የሚያምኑት ነገር አለ፤ ለሞተ ሰው መጸለይ፣ ለድኻ መመጽወት፣ ትዳርን ማክበር መልካም ነው። እርሳቸው ከዚህ እምነት ተነሥተው፣ ታዲያ የሟች ልጆች በዕዳ የሚያዙበት ድግስ ከዚህ ከየትኛው ይመደባል ወደሚል ጥያቄ አንባቢውን ያደርሱታል። ታሪኩም የሚፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተሰብስቦ መሻሻል የሚገባውን ሲወስን ነው። ለውጡ ከፓሪስ በመጣ ትእዛዝ ሳይሆን በአባቶች ጉባኤ እንዲጸና ማድረጋቸው አንባቢያቸውን ምን ያህል ያውቁት እንደ ነበር ያሳያል።

ሁለተኛው የመታመናቸው ምንጭ በዐይናቸው ያዩትን መጻፋቸው ነው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መልእክተኞችን መርተው ጃፓን ሄዱ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያን ጊዜ ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጃፓንን እንደ መልካም አርአያ ይመለከቷት ነበር። ንጉሠ ነገሥቷንና ልማዷን ጠብቃ በጥቂት ዘመን ውስጥ በጥበብ የገነነች አገር ነበረችና። ብላቴን ጌታም በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን መመሳሰል አንባቢያቸው እንዲያስተውል አደረጉ። መልእክቱም የራስን ሳይለቁ መሠልጠን ይቻላል የሚል ነበር። ይህን የተናገረው በሥፍራው የነበረ ሰው ስለ ሆነ ቃሉ ክብደት ነበረው።

ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢያን፣ የታላቅ ሰውን ሕይወት የምንጽፈው ለማሞገስ ብቻ ከሆነ ትምህርቱ ጐዶሎ ይሆናል። መታመን ኃይል ነው፤ ኃይል ሁሉ ደግሞ አደጋ አለበት። በ1921 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዋዜማ» ውስጥ ብላቴን ጌታ የኢትዮጵያን ነገሥታት ከጥንት ጀምሮ በዝርዝር አቀረቡ። አንባቢው የአገሩን ጥንታዊነት የሚወድና የሚያምን ነው፤ ጸሐፊውም የታመኑ ሊቅ ናቸው። ሁለቱ ምሰሶዎች ስለ ጸኑ ዝርዝሩን ብዙ ሰው ሳይመረምር ተቀበለው። በኋላ የተነሡ የታሪክ ሊቃውንት ግን እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከሐውልት ጽሑፍና ከጥንት ብራናዎች ጋር ቢያስተያዩት፣ ከስሞቹ ብዙዎቹ በማስረጃ የማይጸኑ፣ አንዳንዶቹም ከአውሮፓ ጸሐፊ መጽሐፍ የገቡ ሆነው አገኟቸው። የጃፓንም ተስፋ እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጃፓን የጣልያንን ወረራ ዕውቅና ሰጠች። የጠባይ መመሳሰል የመንግሥታትን ጥቅም አላሸነፈም።

ይህን የምናነሣው የኚህን ታላቅ ሰው ስም ለማጕደፍ አይደለም። በዘመናቸው በእጃቸው በነበረው መጽሐፍ ሠሩ፤ ለአገራቸውም ክብር ተጨነቁ። ነገር ግን የምንወደውን ሰው የምንወደውን ነገር ሲነግረን፣ ልባችን ጥበቃውን እንደሚያላላ ከዚህ እንማራለን። የማናምነውን ሰው ቃል ለመመርመር ማንም አያስተምረንም። የምናምነውን ሰው ቃል በፍቅር መመርመር ግን ትምህርት ይፈልጋል።

የሕይወታቸው ፍጻሜ የስደት ነበር። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከአገር ወጡ። ሲጽፉት የኖሩት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በዚያን ጊዜ በማተሚያ ቤት ነበረ፤ በወረራውም ምክንያት ለአንባቢ ሳይዳረስ ቀረ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር የተማረ ወጣት ነበር፤ በወረራው ዘመን ተገደለ። እርሳቸውም በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት ቤት ሳሉ፣ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። የአገራቸውን ነፃነት ለማየት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀርቷቸው ነበር። ዛሬ በአራት ኪሎ የቆመው የድል ሐውልት የሚያስበውን የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል አላዩም። ጽሑፋቸው ግን ከስደት ተመልሶ በእኛ እጅ ይገኛል። ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይም የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው የሳሙኤል ጆንሰንን ራስላስ ወደ አማርኛ መልሰዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለእኛ የሚቀረው ምንድር ነው? እኛ በዚህች በእጅ በምትባዛ ጥቂት ገጽ ላይ የምንጽፍ ወጣቶች ነን። በዛሬው ጊዜ ጽሑፍ በስልክ ላይ በደቂቃ ውስጥ ለብዙ ሺህ ሰው ይደርሳል። የሃይማኖታችንን ቃል፣ የአገራችንን ስም፣ የአባቶችን ሥዕል ከፊት አስቀድሞ ከኋላ ሐሰት የሚያስከትል ጽሑፍም አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ የሚጠቀምበት ድልድይ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የተጠቀሙበት ያው ድልድይ ነው። ልዩነቱ በድልድዩ ላይ የሚሻገረው ጭነት ነው።

ስለዚህ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ ጸሐፊው የሚናገረውን ነገር በእርግጥ ያውቀዋልን፣ ወይስ የሚመስል ልብስ ብቻ ለብሷል? ሁለተኛ፣ ከእኛ ጋር አንድ እምነት እንዳለው የሚነግረን እውነትን ሊያሳየን ነው፣ ወይስ ዐይናችንን ሊጋርድ? ሦስተኛ፣ የምንወደውን ስሜት ከላዩ ብናነሣለት የሚቀር ማስረጃ አለው? ስንጽፍም እነዚህኑ በራሳችን ላይ እናዙር። የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን አንጻፍ። አንባቢያችንን ከመውቀሳችን በፊት እርሱ የሚያከብረውን ነገር እንወቅ። የሚያስደስተውን ብቻ እየመረጥን አናቅርብለት፤ ይህ ማሳመን ሳይሆን ማቈላመጥ ነውና።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ አንባቢያቸውን አከበሩ፤ ስለዚህም የሚያስቈጣውን ነገር እንኳ ሳያስቈጡ ነገሩት። እኛም መጽሐፎቻቸውን ፈልገን እናንብብ፤ ስናነብም እንደ ልጅ እያከበርን፣ እንደ ተማሪም እየመረመርን ይሁን። በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ብለው የጻፉ አባት ከዚያ ያነሰ አንባቢ አይገባቸውም።