ከሸንኮራ አገዳው እርሻ የተነሣች ልጅ

የታወቁ ሰዎች ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚሉን ነገሥታት፣ ጀግኖችና ሊቃውንት ናቸው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን በድኻ ቤት አድጋ፣ እጇ ከሥራ ሳይለይ አርጅታ፣ የልጅነት ትዝታዋን በመጻፏ ስሟ የታወቀውን የኮሪያዊቷን የሜሪ ፓይክ ሊን ሕይወት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ በ1900 በፒዮንግያንግ ከተማ ተወለደች። ቤተሰቧ ክርስቲያን ነበር። በ1905 የጃፓን ወታደሮች ቤታቸውን ፈልገው አስለቀቋቸው። በዚያን ጊዜ የሃዋይ የአገዳ ባለርስቶች ሠራተኛ ይፈልጉ ስለ ነበር፣ ከ1903 እስከ 1905 ከ7,000 የሚበልጡ ኮሪያውያን ወደዚያ ተሻግረዋል። የሜሪ አያቶችም ከዘራችን የሚተርፍ ይኑር ብለው ልጃቸውን ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሸኝተው ራሳቸው በአገራቸው ቀሩ።

ሆኖሉሉ እንደ ደረሱ አባቷ ኤዋ በሚባለው የአገዳ እርሻ ተቀጠሩ። በእነዚያ እርሻዎች ሠራተኛው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ በቀን አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። ካቦው በፈረስ ላይ ሆኖ ይቈጣጠረዋል። የሚታወቀውም በስሙ ሳይሆን በተሰጠው ቍጥር ነው። የቀን ደመወዙ አንድ ዶላር አይሞላም። የሜሪ ቤተሰብ በሣር ጎጆ ውስጥ መሬት ላይ ይተኛ ነበር። አባቷ የተሻለ ቦታ ሲፈልጉ ቆይተው፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የመርከቡን ገንዘብ ተበድረው ቤተሰባቸውን ወደ ካሊፎርንያ ወሰዱ።

በ1906 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከመርከብ ሲወርዱ ወጣት ነጮች ሳቁባቸው፤ ፊታቸው ላይም ተፉባቸው። የስድስት ዓመቷ ሜሪ ተቈጥታ ወደማይፈልጉን አገር ለምን መጣን ስትል አባቷን ጠየቀች። የአባቷ መልስ ዕድሜ ልኳን ከልቧ አልወጣም። የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ኮሪያ ሲገቡ የአገሩ ሰዎች ድንጋይ እንደ ወረወሩባቸውና እንደ ሰደቧቸው፣ እነዚያ ግን ተመልሰው እንዳልሄዱ ነገሯት። እሷም በርትታ ተምራ ከማንም እንደማታንስ እንድታሳይ መከሯት።

ምክሩን መፈጸም ቀላል አልነበረም። በሪቨርሳይድ ከተማ እናቷ በብርቱካን እርሻ ለሚሠሩ ሠላሳ ያህል ሰዎች ምግብ ያበስሉ ነበር። ሜሪ ትምህርት ቤት በገባችበት የመጀመሪያ ቀን ልጃገረዶች ከበዋት በዘፈን እያሾፉ አንገቷን መቷት። በኋላም ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ሲዛወር፣ ምግብ ጠፍቶ ውሃ ብቻ ጠጥተው ያደሩባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። ሜሪ አድጋ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ለጸሎት ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰባኪው በር ላይ ቆሞ ጃፓናዊት ነሽ ብሎ ከለከላት። ኮሪያዊት መሆኗን ብትነግረውም ለእሱ ሁሉም አንድ ነበር። ወንጌልን ወደ አገሯ የወሰዱት የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ፤ በሩን የዘጋባትም የዚያው አገር ሰው ሆነ።

በ1919 አግብታ ከባሏ ጋር በእርሻና በአትክልት ንግድ ኖረች፤ ልጆችም አሳደገች። በ1990፣ በዘጠና ዓመቷ፣ የታሪክ ምሁሯ ሱቼንግ ቻን ያዘጋጀችው የትዝታዋ መጽሐፍ ታተመ። በ1995 ዐረፈች።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ታሪክ ስናነብ ራሳችንን በሜሪ ቦታ ማስቀመጥ ይቀለናል። ነገር ግን ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ልጅ በጉባኤያችን የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ሲቀመጥ፣ በአነጋገሩ ስንስቅ፣ ወይም ሰላም ሳንለው ስንወጣ፣ እኛ በር ላይ የቆመውን ሰው ሆነናል። በመጪው እሑድ ከመካከላችን ማንም ብቻውን ተቀምጦ እንዳይሄድ እንትጋ። እግዚአብሔር ይርዳን።