ፕሮፌሰር ዊልያም ሻክና የጉራጌ ቤት

የጉራጌን የሣር ቤት አይተው ያደነቁ እንግዶች ብዙ ናቸው። ቤቱን ከነባለቤቱ፣ ከነጓሮውና ከነመንደሩ ያጠኑት ግን ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ፕሮፌሰር ዊልያም ሻክ ነበሩ።

ሻክ ከጥቁር አሜሪካውያን ወገን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። መጀመሪያ የተማሩት ሥነ ጥበብ ነበር። ኋላ ወደ አንትሮፖሎጂ ዞረው በ1950ዎቹ መጨረሻ በቸሃ ጉራጌ መካከል እየኖሩ ጥናታቸውን አካሄዱ፤ በ1961ም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1966 የታተመው መጽሐፋቸው ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ አድርጎ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ። በ1974 ደግሞ ከሀብተ ማርያም ማርቆስ ጋር የጉራጌን አፈ ታሪክ አሳተሙ።

ሻክ መሐንዲስ ባይሆኑም ሥራቸው ለግንባታ ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። የጉራጌ ቤት ክብ ነው። በመካከሉ የቆመው ወፍራም ምሰሶ የጣራውን ጫፍ ሲሸከም፣ ከምሰሶው ወገብ የሚነሡት ደጋፊ እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ዘንግ ተዘርግተው ወራጆቹን ይደግፋሉ። ግድግዳው ተፈልጦ የቆመ እንጨት ሆኖ በጭቃ ይመረጋል። የምድጃው ጭስም ሣሩንና እንጨቱን ከተባይ ይጠብቃል። ቤቶቹ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር ሜዳ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይሠራሉ፤ በስተጀርባቸው የእንሰት ተክል አለ። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ሰው ብቻውን አያቆመውም። የሻክ ጥናትም ኑሮውን ከእንሰቱ፣ ከዝምድናውና ከመንደሩ ሥርዓት ነጥሎ አያይም።

ሻክ ያጠኑት ምዕራቡን ወገን ቢሆንም፣ ትምህርቱ ከተራራው በስተምሥራቅ ለሚገኙት ለቡታጅራና ለመስቃን አካባቢም የሚበጅ ነው። በቡታጅራ ከተማ ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ የሣሩንና የጥዱን ቦታ ወስደዋል። ቆርቆሮ ባለቤቱን ክዳን ከማደስ ድካም ስለሚያሳርፍ ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የሣር ክዳን ሲቀር፣ ክዳን አዋቂው ሙያውን ለልጁ አያወርስም፤ ምሰሶ ለማቆም ይሰበሰብ የነበረውም ጎረቤት መሰብሰቢያ ያጣል። በእንግሊዝ አገር ብዙ አሮጌ የሣር ክዳን ቤቶች በሕግ ስለሚጠበቁ፣ የክዳን ሙያተኞች ዛሬም በሙያቸው ይተዳደራሉ።

ፕሮፌሰር ሻክ ከ1970 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሲያስተምሩ ኖረው በ2000 ዓረፉ። የቤቱን ሰዎች ኑሮ መዝግበው አልፈዋል። የምሰሶውን ውፍረት፣ የጣራውን ተዳፋት፣ የማሰሪያውን ጥንካሬ ለክቶ መመዝገብ ግን የመሐንዲሶች ድርሻ ነው፤ ይህም ሊሠራ የሚገባው ቤቱን በእጃቸው ያቆሙት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ነው።